የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የውቅያኖስ ፍሰት መለኪያን በትእዛዝ መስመር ማስጀመር

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስድስቱ በአንድ ጉዳይ ላይ የሚያተኩሩ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድነት ልንመልሳቸው ወስነናል። ጉዳዩ ከምርምር መርከብ ሆድ ሥር የተገጠመን የአኮስቲክ ዶፕለር ፍሰት መለኪያ፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ኤዲሲፒን፣ ሊኑክስ የተባለው ሥርዓተ ክወና ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በትእዛዝ መስመር፣ ማለትም ትእዛዝ በኪቦርድ እየጻፉ፣ መረጃ መሰብሰብ ነው። ትእዛዞቹ ተርሚናል በሚባለው መስኮት ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደላት ቢሆንም እዚህ እንደ አነባበባቸው አስፍረናቸዋል።

ጥያቄ፦ በአንድ የምርምር መርከብ ላይ በቴክኒሺያንነት ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወሬ ነው። መርከባችን በ75 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ኤዲሲፒ አላት፤ መረጃውን ይሰበስብ የነበረው ኮምፒውተር ግን ስለተበላሸ አዲስ ተገዝቶ ተሰጥቶኛል። ከሶፍትዌሮቹ የትኛውን ልጫን? ከየትስ ልጀምር?

መልስ፦ ከሶፍትዌሩ በፊት ሶፍትዌሩ ምን እንዲሠራልዎ እንደሚፈልጉ ግልጽ ማድረግ ይቀድማል። መሣሪያው በአራት ጨረር ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ በውኃው ውስጥ ከሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትና ብናኞች ላይ እየነጠረ ሲመለስ ድግግሞሹ በመጠኑ ይለወጣል፤ ከዚያ ለውጥ የውኃው ፍጥነት ይሰላል። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1500 ሜትር ስለሚጓዝ፣ በ75 ኪሎኸርዝ የሚሠራ መሣሪያ በጨረሩ አቅጣጫ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውኃ ሲያጋጥመው የሚያየው ለውጥ 100 ኸርዝ ብቻ ነው። የእርስዎ መሣሪያ በመልካም ሁኔታ እስከ 600 ሜትርና ከዚያም በላይ ጥልቀት ያለውን ፍሰት በየእርከኑ፣ ማለትም በየውኃው ንብርብር፣ ሊያሳይዎ ይችላል።

ነገር ግን መሣሪያው የሚለካው ውኃው ከመርከቧ አንጻር ያለውን ፍጥነት ነው። መርከቧ በሰከንድ 5 ሜትር እየተጓዘች፣ ከሥሯ ያለው ፍሰት ደግሞ በሰከንድ 20 ሴንቲሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ትንሹን ቁጥር ለማግኘት ትልቁን በጥንቃቄ መቀነስ የግድ ነው፤ ለዚህም መርከቧ የት እንዳለች ከጂፒኤስ፣ ፊቷ ወዴት እንደዞረ ያለ መግነጢስ ሰሜንን ከሚያገኘው ጋይሮኮምፓስ ወይም ከሌላ የአቅጣጫ መለኪያ መታወቅ አለበት። ስለዚህ የሚጭኑት ሶፍትዌር ዋና ሥራ ከተለያዩ ሽቦዎች የሚመጡትን ቢያንስ ሦስት የመረጃ ጅረቶች እያንዳንዳቸውን በደረሱበት ሰዓት እየፈረመ ሳያጓድል መመዝገብ ነው።

በሊኑክስ ላይ ለዚህ ሥራ በስፋት የሚሠራበት በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ዩኤችዳስ ሲሆን፣ የተሰበሰበውን የሚያጣራውና በዳታቤዝ መልክ የሚያስቀምጠው አጋሩ ደግሞ ኮዳስ ይባላል። የመሣሪያው አምራች ያዘጋጀው ቪኤምዳስም አለ፤ እሱ ግን የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። ኮምፒውተርዎ ሊኑክስ ከሆነና መርከቧ ላይ ለወራት ያለማቋረጥ የሚሠራ ሥርዓት ከፈለጉ እኔ የመጀመሪያውን እመክርዎታለሁ። በትእዛዝ መስመር የሚሠራ ሥርዓት በቀጭን የሳተላይት መስመር ከሩቅ ሊታይና ሊታረም ይችላል፤ የሰጡት ትእዛዝ ሁሉ በጽሑፍ ስለሚቀርም ከወር በኋላ «ያን ቀን ምን አድርጌ ነበር?» ለሚል ጥያቄ መልስ አለው።

ሆኖም መጫኑን መጨረሻ ላይ ያድርጉት። ብዙዎች በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም ነገር ይጭኑና መረጃ ሳይመጣ ሲቀር ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ይሁን የሽቦው መለየት ያቅታቸዋል። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ሽቦ ለብቻው በተራ ተርሚናል ያዳምጡ፤ በእያንዳንዱ ላይ የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ በምን ፍጥነት እንደሚናገር፣ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚናገር ወረቀት ላይ ይጻፉ። ያ ወረቀት ከተሞላ በኋላ የሶፍትዌሩን የቅንብር ፋይል መሙላት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የፓይተንና ሌሎች አስፈላጊ ጥቅሎችን ደግሞ ወደብ ላይ ሳሉ አንድም ሳይቀር ያውርዱ፣ ከሥርዓተ ክወናው ፓይተን በተለየ ስፍራ ይጫኗቸው፣ የስሪት ቁጥራቸውንም በዝርዝር ጽፈው ለተከታይዎ ያስተላልፉ። ባሕር ላይ ከወጡ በኋላ ግን ምንም ነገር አያድሱ፤ አውቶማቲክ ማደሻውንም ያጥፉት።

ጥያቄ፦ መሣሪያውን በሲሪያል ገመድ (መረጃን ቢት በቢት በሚያስተላልፍ) አገናኝቼ ሚኒኮም በተባለው የመነጋገሪያ ፕሮግራም ከፈትኩት። አንዳንዴ ምንም አይመልስም፤ አንዳንዴ ደግሞ ማያ ገጹ ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ይሞላል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። የገለጿቸው ሁለት ምልክቶች የተለያዩ ምክንያቶች አሏቸው፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

ዝምታውን በተመለከተ በመጀመሪያ የሚኒኮምን ቅንብር ይክፈቱና የሃርድዌር ፍሰት መቆጣጠሪያ (የውኃ ሳይሆን የመረጃ ፍሰት ነው) የሚለውን ይመልከቱ። ሚኒኮም ይህን በራሱ አብርቶ ይነሣል፤ የኤዲሲፒ ገመድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ የሚያስፈልጉት ሽቦዎች ስለሌሉት የሚጽፉት ፊደል ከኮምፒውተሩ ሳይወጣ ይቀራል። ያጥፉት። ቀጥሎ ፍጥነቱን 9600 ቦድ (በሰከንድ 9600 ቢት)፣ 8 የዳታ ቢት፣ ያለ ፓሪቲ፣ 1 የማቆሚያ ቢት አድርገው ያስተካክሉ፤ ከፋብሪካ ሲወጣ መሣሪያው በዚህ ነው የሚናገረው።

ከዚያ በኋላ መሣሪያውን መቀስቀስ ያስፈልጋል። የሚቀሰቀሰው ፊደል በመጻፍ ሳይሆን ብሬክ በሚባለው ምልክት ነው፤ ይኸውም የመላኪያውን መስመር ለ300 ሚሊሰከንድ ያህል ከተለመደው ሁኔታ አውጥቶ መያዝ ማለት ነው። በሚኒኮም ውስጥ ኮንትሮልና ኤ ተጭነው ከለቀቁ በኋላ ኤፍን ሲጫኑ ብሬክ ይላካል። ሁሉ ነገር ትክክል ከሆነ በቅጽበት የመሣሪያው ስም፣ የአምራቹ ስምና የውስጥ ፕሮግራሙ ስሪት የሰፈሩበት ጥቂት መስመር ጽሑፍ ይወጣል፤ ከሥሩም የ«ይበልጣል» ምልክት ብቻዋን ቆማ ትእዛዝዎን ትጠብቃለች። ይህን ሥራ ለዓመታት ብሠራም ያቺ ምልክት ስትመጣ እፎይታ የማይሰማኝ ጊዜ የለም።

ትርጉም የለሽ ምልክቶቹ ደግሞ ከሦስት ምክንያቶች ከአንዱ ይመጣሉ። የመጀመሪያው የፍጥነት አለመጣጣም ነው፤ ከእርስዎ በፊት የነበረው ሰው መሣሪያውን ወደ 115200 ቦድ ቀይሮ አስቀምጦት ሊሆን ስለሚችል በዚያ ፍጥነት ደግመው ብሬክ ይላኩ። ሁለተኛው የመስመሩ ዓይነት ነው። አጭር ገመድ ላይ የሚሠራው አርኤስ-232 በተለምዶ ከ15 ሜትር በላይ አይታመንም፤ ከመርከቧ ሆድ እስከ ላቦራቶሪው የሚዘረጉ ረጃጅም ገመዶች ስለዚህ ብዙውን ጊዜ እስከ 1200 ሜትር ሊደርስ በሚችለው አርኤስ-422 ይሠራሉ። ሁለቱን ያለ መቀየሪያ አገናኝተው ከሆነ የሚያዩት ቆሻሻ ብቻ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ደስ የሚያሰኝ ነው፦ መሣሪያው ካለፈው ጉዞ ጀምሮ ሳይቆም እየለካ ሊሆን ይችላል፤ ማያ ገጹን የሚሞላውም ቆሻሻ ሳይሆን በሁለትዮሽ፣ ለሰው ዓይን ሳይሆን ለኮምፒውተር፣ የተጻፈ ትክክለኛ መረጃ ነው። ምልክቶቹ በእኩል ጊዜ ልዩነት፣ ለምሳሌ በየሁለት ሰከንዱ፣ በጅምላ እየመጡ ፋታ የሚሰጡ ከሆነ ይኸው ነው፤ አንድ ብሬክ ያስቆመዋል።

አንዴ ከተግባባችሁ በኋላ ፒኤስ0 ብለው ይጻፉ፤ መሣሪያው ስለ ራሱ ይናገራል። ወደ ፋብሪካው ቅንብር የሚመልሰው ሲአር1 ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የእርከኖቹን ብዛትና ውፍረት የመሳሰሉትን የራስዎን ቅንብሮች ይሰጣሉ፣ በሲኬ ያስቀምጣሉ፣ በሲኤስ ያስጀምራሉ። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ ሲአር1 ከመሃል ከገባ ከእሱ በፊት የሰጡት ሁሉ ይጠፋል። ከቅንብሮቹ ሁሉ አጥብቄ የምመክርዎ የኢኤክስን ትእዛዝ በአምስት ዜሮ እንዲሰጡት ነው። መሣሪያው ያኔ ፍጥነቱን ወደ ሰሜንና ምሥራቅ ሳይቀይር በየጨረሩ እንደለካው ይልክልዎታል፤ ማዞሩን በኋላ በኮምፒውተር ላይ በተሻለ የአቅጣጫ መረጃ ስንት ጊዜ ቢፈልጉ መድገም ይችላሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። መርከቧ ደረቅ ጥገና ላይ ከሆነች ሲኤስን አይጻፉ። በተለይ በዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚሠሩ ኃይለኛ መሣሪያዎች ከውኃ ውጭ ድምፅ ሲለቁ የኃይል ክፍላቸው ሊቃጠል ስለሚችል የመሣሪያዎን መመሪያ ሳያነቡ ይህን አይሞክሩ።

ጥያቄ፦ አራት ሲሪያል መቀየሪያዎች በዩኤስቢ ተሰክተዋል። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር የፖርቶቹ ቁጥር ይቀያየራል። በየጊዜው ቅንብሩን ከማስተካከል የሚሻል ዘዴ አለ?

መልስ፦ አለ፤ እባክዎ ዛሬውኑ ያድርጉት። ይህ ጥያቄ ለእኔ ሩቅ አይደለም። በአንድ ጉዞ ላይ ሌሊት ኃይል ተቋርጦ ኮምፒውተሩ ሲነሣ የጋይሮውና የጂፒኤሱ ፖርቶች ቦታ ተለዋወጡ። የመዝገብ ሶፍትዌሩ በሚጠብቀው ፖርት ላይ የሚጠብቀውን መልእክት ስላላገኘ ፋይሎቹን እየከፈተ ባዶ ይዘጋቸው ነበር። ማያ ገጹ ላይ የፋይሎቹ ስም በየሁለት ሰዓቱ ይታደስ ስለነበር ተረኛው ሁሉም ደህና መሰለው፤ ስህተቱን ያወቅነው ከ19 ሰዓት በኋላ የፋይሎቹን መጠን ስመለከት ነው። የዚያ ቀን የፍሰት መረጃ በመሣሪያው በኩል ተመዝግቦ ነበር፤ መርከቧ ወዴት ዞራ እንደነበር ግን ማንም ሊነግረን አልቻለም።

ሊኑክስ ለዩኤስቢ ሲሪያል የሚሰጠው ቁጥር መሣሪያዎቹ በታወቁበት ቅደም ተከተል ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ዋስትና የለውም። ነገር ግን የመሣሪያዎች ፎልደር ውስጥ ሲሪያል በሚለው ሥር ሁለት ንዑስ ፎልደሮችን ያገኛሉ። ባይ-አይዲ የሚለው እያንዳንዱን መቀየሪያ በራሱ መለያ ቁጥር ይጠራዋል፤ ባይ-ፓዝ የሚለው ደግሞ በተሰካበት ቀዳዳ። መቀየሪያዎችዎ የየራሳቸው መለያ ቁጥር ካላቸው የመጀመሪያውን፣ መለያ የሌላቸው ርካሽ ዓይነት ከሆኑ ሁለተኛውን በቅንብር ፋይሉ ውስጥ ይጻፉ፤ በሁለተኛው ከሠሩ ቀዳዳዎቹ ላይ ስማቸውን ለጥፉባቸውና ማንም ነቅሎ ሌላ ቦታ እንዳይሰካ ያስጠንቅቁ። ዩዴቭ በሚባለው የሊኑክስ ክፍል አንድ መስመር ደንብ ጽፈው «ጋይሮ»፣ «ጂፒኤስ» የሚል አጭር ስም መስጠትም ይቻላል፤ ለዓይንም ለተተኪዎም ይህ ይሻላል።

ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ይፈትሹ። ተጠቃሚዎ ዳያልአውት በሚባለው ቡድን ውስጥ ካልገባ ፖርቶቹን ለመክፈት ፈቃድ አይኖረውም፤ ሥራውን ሁሉ በተፈቀደለት የሩት መለያ ማካሄድ መፍትሔ አይደለም። ሞደምማናጀር የሚባለው አገልግሎት ደግሞ አዲስ ሲሪያል ፖርት ባየ ቁጥር ሞደም ይሆን እንደሆነ ለማወቅ የራሱን ትእዛዞች ይልክበታል፤ የትእዛዝ ምልክቷ ላይ ቆሞ ለሚጠብቅ ኤዲሲፒ ይህ ምን ያህል ግራ የሚያጋባ እንደሆነ መገመት ይችላሉ። በምርምር መርከብ ላይ ሞደም ስለማይፈልጉበት አገልግሎቱን ያስወግዱት።

ጥያቄ፦ መሣሪያችን የራሱ ኮምፓስ አለው። ታዲያ የመርከቧን ጋይሮ፣ ጂፒኤሱን፣ አሁን ደግሞ ሌላ ውድ የአቅጣጫ መለኪያ ማገናኘት ለምን አስፈለገ? ኃላፊዬን ለማሳመን የሚረዳ ማብራሪያ ቢሰጡኝ።

መልስ፦ ከደብዳቤዎቹ ሁሉ ይህን ሳነብ ተደስቻለሁ፤ ምክንያቱም የመርከብ ኤዲሲፒ መረጃ የሚበላሸው ከሁሉ በላይ በአቅጣጫ ስህተት ነው።

የመሣሪያው የራሱ ኮምፓስ መግነጢሳዊ ነው። በዙሪያው ያለው ግን በመቶዎች ቶን የሚቆጠር ብረት ነው፤ ስለዚህ ኮምፓሱ የሚያመለክተው ሰሜንን ሳይሆን መርከቧን ነው ማለት ይቀላል። ኮምፓሱ የሚጠቅመው መሣሪያው ከብረት ርቆ በባሕር ወለል ላይ ወይም በገመድ ሲቀመጥ ነው።

ጋይሮኮምፓሱ ከብረቱ ነፃ ነው፤ ነገር ግን እሱም ከፍጥነትና ከመዞር በኋላ አንድ ሁለት ዲግሪ ይሳሳታል፣ ስህተቱም ለብዙ ደቂቃዎች ወዲያና ወዲህ እያለ ይቆያል። ለመርከቧ ነጂ አንድ ዲግሪ ምንም አይደለም። ለእኛ ግን ስሌቱን ይመልከቱ፦ መርከቧ በ10 ኖት፣ ማለትም በሰከንድ በ5 ሜትር ገደማ ስትሄድ የአንድ ዲግሪ ስህተት ከመርከቧ ወደ ጎን በሰከንድ 9 ሴንቲሜትር የሚሆን የሌለ ፍሰት ይፈጥራል። በብዙ የውቅያኖስ ክፍሎች እውነተኛው ፍሰት ራሱ ከ10 እስከ 20 ሴንቲሜትር ነው። መርከቧ ስትመለስ ይህ የውሸት ፍሰት አቅጣጫውን ይገለብጣል፤ በካርታው ላይ ሲሄዱ ወደ ምሥራቅ፣ ሲመለሱ ወደ ምዕራብ የሚፈስ ባሕር ያያሉ። ኃላፊዎን የሚያሳምን አንድ ሥዕል ከፈለጉ እሱን ያሳዩአቸው።

በብዙ አንቴናዎች የጂፒኤስ ምልክት ተቀብለው አቅጣጫን የሚለኩት መሣሪያዎች ይህን ስህተት ወደ ጥቂት የዲግሪ አሥረኛ ያወርዱታል። እነሱ ደግሞ አልፎ አልፎ ምልክት ይጠፋባቸዋል። ስለዚህ የተለመደው አሠራር ሁለቱንም መመዝገብ ነው፦ ሳይቋረጥ የሚናገረውን ጋይሮ መሠረት አድርጎ፣ ትክክለኛው መለኪያ በሠራበት ጊዜ ሁሉ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት እያሰሉ ማረም። ለዚህ ነው ሁለቱም ሽቦዎች የሚያስፈልጉት።

እዚህ ላይ ስለ ሰዓት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። መርከቧ በሰከንድ አንድ ዲግሪ እየዞረች ሳለ የጋይሮው መልእክትና የኤዲሲፒው ፒንግ፣ ማለትም አንዱ የድምፅ ምት፣ በአንድ ሰከንድ ከተለያዩ ያንኑ የአንድ ዲግሪ ስህተት አገኙት። ሁሉም ጅረቶች በአንድ ኮምፒውተር በአንድ ሰዓት መፈረም ያለባቸው ለዚህ ነው። ሰዓቱን በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ያድርጉት፤ ክሮኒ ወይም ሌላ የኤንቲፒ አገልግሎት ከመርከቧ የጂፒኤስ ሰዓት ጋር እያመሳሰለ እንዲይዘው ያድርጉ፤ በመረጃ ስብሰባ መካከል ግን ሰዓቱን በእጅ ወደፊትም ወደኋላም አይግፉት። ኮዳስ ቀናትን የሚቆጥረው ከዜሮ መሆኑንም ልብ ይበሉ፦ ጃንዋሪ 1 ቀን እኩለ ቀን 0.5 እንጂ 1.5 አይደለም። በዚህች ልዩነት የአንድ ሙሉ ቀን መረጃ ተዛንፎ የሚገጣጠምበትን አጋጣሚ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።

ቀጥሎ መልእክቶቹን ራሳቸውን በቅርብ ይመልከቷቸው። የመርከብ መሣሪያዎች የሚናገሩበት ኤንኤምኢኤ 0183 እያንዳንዱን መልእክት በዶላር ምልክት ይጀምራል፤ ቀጥሎ የተናጋሪው ሁለት ፊደልና የመልእክቱ ሦስት ፊደል ይመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ኮከብ ምልክትና ሁለት የማረጋገጫ ፊደላት አሉ። ከቦታ መልእክቶች ጂጂኤ የሚባለውን ሲያዩ ኬክሮሱ በዲግሪና በደቂቃ ተጽፎ ከነጥቡ በኋላ ስንት አሃዝ እንዳለው ይቁጠሩ። ሁለት አሃዝ ብቻ ከሆነ የመጨረሻው አሃዝ 18.5 ሜትር ማለት ነው። የመርከቧን ፍጥነት በአምስት ደቂቃ አማካይ ሲያሰሉ በሁለቱ ጫፎች ላይ ያለው ማጠጋጋት ብቻ በሰከንድ እስከ 6 ሴንቲሜትር ሊያሳስት ይችላል። አራት አሃዝ ከሆነ ስህተቱ ከቁጥር አይገባም። ጂፒኤሱ ራሱ በሚገባ ለክቶ ሳለ በቅንብር ምክንያት ብቻ አሃዞቹ የተቆረጡባቸው መርከቦች አሉ፤ ማስተካከሉ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ካልታየ ግን የሙሉ ጉዞ መረጃ ያደበዝዛል።

የሽቦው ፍጥነትም እንዲሁ ይታሰብ። የኤንኤምኢኤ መደበኛ ፍጥነት 4800 ቦድ ነው፤ ይህም በሰከንድ 480 ፊደል ማለት ነው። አንድ መልእክት እስከ 82 ፊደል ሊደርስ ስለሚችል ጂጂኤን በሰከንድ 10 ጊዜ እንዲልክ የታዘዘ ጂፒኤስ ሽቦውን ያጨናንቀዋል፤ መልእክቶቹም እየተቆራረጡ ወይም እየዘገዩ ይደርሳሉ። ፍጥነቱን ወደ 38400 ከፍ ያድርጉ ወይም በሰከንድ አንድ ጊዜ እንዲልክ ይወስኑት፤ ለቦታ አንድ ጊዜ ይበቃል፣ ለአቅጣጫ ግን ደጋግሞ ቢመጣ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለም በኋላ መሣሪያው ከመርከቧ ቁመት ጋር በስንት ዲግሪ ተጣሞ እንደተገጠመ በትክክል የሚታወቀው ባሕር ላይ ነው። ወለሉ ለመሣሪያው በሚደረስበት ስፍራ የባሕሩን ወለል በማየት፣ በጥልቁ ደግሞ መርከቧ ስትቆም፣ ስትነሣና ስትዞር የሚታየውን የፍሰት ዝላይ በማስላት ማዕዘኑ ይገኛል፤ ኮዳስ ሁለቱንም ያሰላል። ካፒቴኑን በጉዞው መጀመሪያ ላይ ለዚህ ጥቂት መዞሪያዎች እንዲፈቅዱልዎ ይለምኗቸው።

ጥያቄ፦ የዲስክ ቦታ ለመቆጠብ መሣሪያው የአምስት ደቂቃ አማካይ ብቻ እንዲልክ ባደርገው ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። 60 እርከኖች በአራት ጨረር ሲለኩ ለእያንዳንዳቸው ፍጥነቱ 2 ባይት፣ የመልሶቹ ተዛምዶ፣ የማሚቶው ኃይልና የመልካም መልሶች መቶኛ እያንዳንዳቸው 1 ባይት ይወስዳሉ፤ ድምሩ 1200 ባይት ነው። መግቢያው ተጨምሮ 1500 ባይት ቢሆንና በየሁለት ሰከንዱ አንድ ፒንግ ቢላክ በቀን 65 ሜጋባይት፣ በወር ከ2 ጊጋባይት የማይበልጥ ይሆናል። ማንኛውም የኪስ ዲስክ ይችለዋል። በማዕበል ቀን አረፋ የሸፈነውን ፒንግ ወይም ሌላ ሶናር የረበሸውን ከመልካሙ ለይቶ መጣል የሚቻለው እያንዳንዱ ፒንግ ለብቻው ከተቀመጠ ብቻ ነው፤ አማካይ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚያወጣው የለም።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አስጀምሬአለሁ፤ መረጃም እየተመዘገበ ነው። ነገር ግን ከተርሚናሉ ስወጣ እንዳይቆም እፈራለሁ፤ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ እየተነሣሁ አያለሁ። እንዴት ልተኛ?

መልስ፦ ፍርሃትዎ ተገቢ ነው። በተራ ተርሚናል የተጀመረ ፕሮግራም ተርሚናሉ ሲዘጋ ወይም የርቀት ግንኙነቱ ሲቋረጥ አብሮ ሊሞት ይችላል። ለሙከራ ጊዜ ቲመክስን ወይም ስክሪንን ይጠቀሙ፤ ፕሮግራሙ በእነሱ ውስጥ ሆኖ እርስዎ ሲወጡ ሥራውን ይቀጥላል፣ ሲመለሱም እንደተዉት ያገኙታል። የራስዎን የመዝገብ ስክሪፕት የሚጠቀሙ ከሆነ ግን በቋሚነት ሲስተምዲ የተባለው የሊኑክስ አገልግሎት አስነሺ እንዲያስነሣው አድርጉት፤ ሲወድቅ ራሱ እንዲያነሣው፣ ኮምፒውተሩ ሲበራም ማንንም ሳይጠብቅ እንዲጀምር።

ፋይሎቹ በየሁለት ሰዓቱ እየተዘጉ አዲስ ይከፈቱ፤ የዩኤችዳስ ልማድም ይኸው ነው። አንድ ፋይል ቢበላሽ የሚያጡት ሁለት ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ የተዘጉትን ደግሞ አርሲንክ የተባለው የመገልበጫ ፕሮግራም በየጊዜው ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጣቸው።

ያለፈውን የእኔን ታሪክ ያስታውሱና የፋይል ስም መኖሩን እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት፤ መጠኑ ማደጉን ይመልከቱ። ከዚያም አንዱን የኤዲሲፒ ፋይል ባይቶቹን አንድ በአንድ በሚያሳይ ሄክስ ማሳያ ይክፈቱት፤ ፒዲ0 በሚባለው የመሣሪያው የመረጃ ቅርጽ የሚላክ እያንዳንዱ መዝገብ 7ኤፍ 7ኤፍ በሚሉ ሁለት ባይቶች ይጀምራል፤ ይህን ጥንድ በእኩል ርቀት እየተደጋገመ ካዩት መስመሩ ጤነኛ ነው። የፍጥነቱ ቁጥሮች በሚሊሜትር በሰከንድ ሲሆኑ፣ 32768 ከቅናሽ ምልክት ጋር ካዩ መሣሪያው «በዚህ እርከን መልስ አላገኘሁም» እያለ ነው። ከጥልቁ እርከኖች ላይ ማየት የተለመደ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ሁሉም ይህ ከሆነ ግን ይነሡና ይመልከቱ። ወለሉ በቀረበበት ስፍራ ደግሞ ጨረሩ 30 ዲግሪ በሚያዘነብል መሣሪያ ላይ ከጥልቀቱ የታችኛው 15 በመቶ ያህሉ ከወለሉ በሚመለስ ማሚቶ ስለሚበከል፣ እዚያ የሚታየውን ፍሰት አይመኑት።

ይህን ሁሉ ትንሽ ስክሪፕት በየአምስት ደቂቃው ሊፈትሽልዎ ይችላል፦ እያንዳንዱ ፋይል ካለፈው ጊዜ አድጓል ወይ? ከዲስኩ ምን ያህል ቀርቷል? የኮምፒውተሩ ሰዓት ከጂፒኤሱ በስንት ሰከንድ ተለይቷል? አንዱ ካልተሟላ በተረኛው ክፍል ደወል ያሰማ።

ከመተኛትዎ በፊት ግን መርከቧ ወደብ ላይ ሳለች አንድ ሙከራ ያድርጉ። መረጃ እየተመዘገበ ሳለ የኮምፒውተሩን የኃይል ገመድ ይንቀሉ፤ አንድ ደቂቃ ቆይተው ይመልሱት፤ ከዚያ ኪቦርዱን ሳይነኩ እጅዎን አጣጥፈው ይጠብቁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሦስቱም ጅረቶች በየስማቸው ተመልሰው ፋይሎቹ ማደግ ከጀመሩ አልጋዎ ላይ ይውጡ። ካልተመለሱ የጎደለው ምን እንደሆነ የሚያገኙት ያኔውኑ፣ ገመዱ አጠገብ ቆመው ነው።